ታርጋና የዱቤ ደብተር

ድሬ፣ ማለትም ድሬዳዋ ላይ፣ አዲስ መኪና በዝቷል። ይሄን የማይል ሰው የለም። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ሻይ የሚጠጣውም፣ ሳቢያን ባጃጅ የሚነዳውም ያየዋል። ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ የወንበራቸው ፕላስቲክ ገና ያልተነሳ፣ ታርጋቸው የሚያብረቀርቅ። ከዚያ አንዱ ይነሳና «ብር አለ ማለት ነው፣ ኢኮኖሚው ደህና ነው» ይላል። መጋላ ሱቁ ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ «ገበያ ሞቷል» ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የትናንሽ ሱቆችን መዝገብ እይዛለሁ፣ ግብር ሲደርስ አብሬያቸው እሯሯጣለሁ። ስለዚህ ይሄ ክርክር ለእኔ የበርጫ ወሬ ብቻ አይደለም። ከተማችን እየተሻላት ነው ወይስ እየባሰባት? በምን እንወቀው? ብዬ ማሰብ ከጀመርኩ ቆየሁ።

በሌላው ዓለም ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ ይሰጣሉ ተብለው የሚጠበቁ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ በወሩ ስንት አዲስ መኪና ታርጋ አወጣ የሚለው ነው። ሌላው ቸርቻሪዎች በወሩ ስንት ሸጡ የሚለው። የአገር አጠቃላይ ምርት የሚታወቀው ወራት ዘግይቶ ነው፤ እነዚህ ግን ወሩ ካለቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይወጣሉ። አሜሪካ ውስጥ የችርቻሮ ሽያጩን የቆጠራ ቢሮው በየወሩ ያወጣል፤ እዚያ የሸማቹ ወጪ የኢኮኖሚውን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ስለሚይዝ ባለሀብቱም ባንኩም ያቺን ቀን ይጠብቃል። አውሮፓ ደግሞ የመኪና አምራቾች ማኅበር አለ፣ አዲስ ታርጋ ያወጡትን መኪኖች አገር በአገር ቆጥሮ ያሳውቃል።

ለምን መኪና? ምክንያቱም መኪና ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ግዢ ነው፣ ደግሞም ለሌላ ጊዜ ሊተላለፍ የሚችል ግዢ ነው። ዳቦ ለሚቀጥለው ዓመት ይደር አይባልም። መኪና ግን ይባላል። ሰው ሥራዬን ላጣ እችላለሁ ብሎ ሲሰጋ መጀመሪያ የሚተወው እሱን ነው፤ አሮጌውን አስጠግኖ ይነዳል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 16 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የዓመቱ ሽያጭ በ2009 ወደ 10.4 ሚሊዮን የወረደው እንዲህ ነው። ባንኮች ሲናጉ፣ ሥራ ሲጠፋ፣ ብድር ሲደርቅ ሁሉም በአንዴ እጁን ሰበሰበ። አመልካችነቱ በዚህ በኩል እውነት ነው።

ግን እዚያም ቢሆን ቁጥሩ ያታልላል። ጀርመን በዚያው በ2009 አሮጌ መኪናውን አስጨፍልቆ አዲስ ለሚገዛ ሰው 2,500 ዩሮ ሰጠች። በዓመቱ 3.8 ሚሊዮን መኪና ታርጋ አወጣ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ጀርመን በዚያ የቀውስ ዓመት ሰርግ ላይ ነበረች ሊል ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት 2.9 ሚሊዮን ሆነ፤ የ2010 ገዢ በ2009 ገዝቶ ጨርሷላ። ሌላ ልጨምር። በ2021 በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አዲስ ታርጋ ያወጡት 9.7 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ኮሮና ካሽመደመደው ከ2020 እንኳ ያነሰ ነው። ኢኮኖሚው ግን በዚያ ዓመት ከ5 በመቶ በላይ አድጓል። ምን ሆነ? መኪና ውስጥ የሚገባው የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ጠፋ። ገዢ አለ፣ ብር አለ፣ ፋብሪካው የሚያስረክበው መኪና የለም። ብሪታንያ ደግሞ ታርጋው ላይ ያለው የዘመን ቁጥር በማርችና በሴፕቴምበር ስለሚቀየር ሰው አዲሱን ቁጥር ጠብቆ ይገዛል። እነዚያን ወራት ከሌላው ወር ጋር ያነጻጸረ ሰው በየዓመቱ ሁለት ጊዜ እድገት አየሁ ይላል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። የእኛ ታርጋ ምን ይናገራል?

መጀመሪያ የሚናገረው የመመሪያውን ታሪክ ነው። በ2012 ዓ.ም. አዲሱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወጣ፣ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ተጣለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አውቶሞቢል የውጭ ምንዛሪ ከተከለከላቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች ውስጥ ገባ፤ የኤሌክትሪኩ ግን ቀረለት። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ መወሰኑን መንግሥት አስታወቀ። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ዶላር ከ57 ብር አካባቢ በአንድ ቀን ወደ 74 ብር ዘለለ፣ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በእነዚህ ዓመታት ታርጋ ያወጣውን መኪና በወር በወር ብትደረድሩት መስመሩ ይወጣል ይወርዳል። ግን ያ መስመር የድሬ ሰው ኪስ መስመር አይደለም። መመሪያ ሊወጣ ነው ሲባል አስመጪው ይሯሯጣል፣ መመሪያው ሲወጣ ይቆማል፣ አዲስ በር ሲከፈት እንደገና ይገባል። ጀርመን በአንድ ዓመት ያየችውን እኛ በየዓመቱ እያየን ነው።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። በሌላው አገር መኪና ከሻጩ ግቢ በወጣበት ቀን ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ እዚያ መኪና የሚገዛ ሰው ነገ ደህና ነው ብሎ ያመነ ሰው ነው። እዚህ መኪና ይወደዳል። ከዓመታት በፊት ቪትዝ የገዛ ሰው ነድቶባት፣ ልጅ አመላልሶባት፣ ከገዛበት በላይ ይሸጣታል። ባንክ ቢያስቀምጠው ወለዱ የዋጋ ንረቱን አይደርስበትም፣ ዶላር በቀላሉ አያገኝም፣ ቤት መግዣ አልሞላለትም። ስለዚህ ብሩን ጎማ ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ የማውቀው የመኪና ደላላ «አቦ፣ ገበያዬ የሚደራው ሰው ብሩን ሲፈራ ነው» ብሎኛል። ይሄን ሰው አምነዋለሁ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያየው ነገር ነው። እንዲህ ከሆነ አዲስ መኪና መብዛቱ የመተማመን ምልክት ሊሆን ይችላል፣ የስጋትም ሊሆን ይችላል። ከመንገድ ዳር ቆመን መለየት አንችልም።

ደግሞ መዝገቡ ራሱ አለ። እዚህ አገር ስንት መኪና ነው በውክልና የሚሸጠው! ሊብሬው በአንደኛው ሰው ስም ነው፣ መኪናው በሦስተኛው ወይ በአራተኛው እጅ ነው። ስም ማዞሩ ወጪ ስላለው ይዘገያል። ድሬ የሚል ታርጋ ይዞ አዲስ አበባ የሚሠራ አለ፣ የአዲስ አበባ ታርጋ ይዞ እዚህ ለገሃር ጀርባ የሚያድር አለ። ስለዚህ የመንገድ ትራንስፖርት መዝገብ ላይ ያለው የመኪና ብዛት ከተማው ውስጥ ካለው ሀብት ጋር አይገናኝም።

ታርጋን ጭራሽ ልተወው ማለቴ ግን አይደለም። ቀለሙን ለይቶ ለሚያይ ይጠቅማል። በለመድናቸው ታርጋዎች ሰማያዊው ኮድ 2 የግል ነው፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ ነው፣ ቀዩ ኮድ 1 የታክሲ። እኔ የኮድ 2ን ብዛት ብዙ አላምነውም፤ የኮድ 3ን ግን አያለሁ። አይሱዙ ወይም ተሳቢ የሚገዛ ሰው የሚጫን ዕቃ አለ ብሎ ነው የሚገዛው። የአገሪቱ ገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል ይገባል፣ እኛ ደግሞ የዚያ መስመር ልጆች ነን። ይቺ ከተማ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። መጫኛ ሲቀዘቅዝ መኪናዎቹ ተደርድረው ይቆማሉ፣ ሾፌርና ረዳት ቀኑን ሙሉ ጥላ ስር ይውላሉ፣ ምግብ ቤቱ ዱቤ ይጀምራል። እዚህ ላይ የምንቆጥረው ታርጋ ያወጣውን ባይሆን ይሻላል። የተንቀሳቀሰውን እንቁጠር።

ባጃጅ ደግሞ ሌላ ነው። ድሬን ያለ ባጃጅ ማሰብ አይቻልም። ግን የባጃጅ ታርጋ በዛ ማለት ከተማው ደራ ማለት ነው? አንዳንዴ አዎ። ብዙ ጊዜ ግን ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ልጅ፣ እናቱ እቁብ ጥላለት፣ አጎቱ ጨምሮለት፣ የመጨረሻ አማራጭ ብሎ የገባበት ነው። ተሳፋሪው ያው ነው፣ ባጃጁ ጨመረ፣ ስለዚህ የእያንዳንዱ የቀን ገቢ ቀነሰ። የባጃጅ ብዛት ከመጠየቅ ይልቅ ባጃጁ በቀን ለባለንብረቱ የሚያስገባው ገቢ ጨመረ ወይ ቀነሰ ብሎ መጠየቅ ብዙ ይናገራል። ያ ገቢ በቃል የሚስማሙበት ነው፣ የትም አልተጻፈም፣ ግን ሾፌሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ እኔ ወደ ሱቁ ነው የምሄደው። የከተማዋ ጤና ያለው የሱቅ ባንኮኒ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

እዚህም ግን ብርን መቁጠር ገደል ይከታል። በአሜሪካ የሚወጣው የችርቻሮ ሽያጭ ቁጥር የዋጋ ንረት ያልተቀነሰበት ነው፣ እዚያ የዋጋ ንረቱ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ያን ያህል አይጎዳም። ብሪታንያ ሁለቱንም ታወጣለች፣ በገንዘብና በብዛት። እኛ ጋ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት ብር መቁጠር ራስን ማታለል ነው። ለምሳሌ አንድ ሱቅ አምና በወር 200,000 ብር ሸጦ ዘንድሮ 240,000 ሸጠ እንበል። በወረቀት 20 በመቶ አደገ። የዕቃ ዋጋ በ30 በመቶ ከጨመረ ግን የአምናውን ያህል ዕቃ ለመሸጥ 260,000 ብር ማስገባት ነበረበት። በዕቃ ሲታይ 8 በመቶ ገደማ ወርዷል። ግብር አስከፋዩ የሚያየው ግን 240,000ውን ነው።

ነጋዴው ይሄን ያለ ምንም ካልኩሌተር ያውቀዋል። «የሸጥኩበት ብር ዕቃውን አይመልስም» ይላል። ይሄን አባባል ድሬ ላይ ሱቅ ያለው ሁሉ ብሎታል። አሥር ካርቶን ዘይት ሸጦ በዚያው ብር ሰባት ካርቶን ይዞ ይመጣል። መደርደሪያው እየሳሳ ይሄዳል። መጀመሪያ ከላይኛው መደርደሪያ ያሉት ይጠፋሉ፤ የቆርቆሮ ማርማላታው፣ ሻምፖው፣ ብስኩቱ በዓይነት በዓይነት የነበረው አንድ ዓይነት ይቀራል። ቀስ ብሎ የፊተኛውን ረድፍ ብቻ ሞልቶ ከኋላው ባዶ ያደርገዋል፣ ደንበኛ ሱቁ ተራቆተ እንዳይል። እንዲህ ያለ ሱቅ አይቼ ከወጣሁ በኋላ ስለ አዲስ መኪና የሚያወራ ሰው መስማት ያመኛል።

ሌላው የሚታየው የሚገዛበት መጠን ነው። ይሄ ለእኔ ከሁሉም በላይ ነው። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ዘይት የሚወስድ ቤተሰብ ወደ አንድ ሊትር ይወርዳል። ከዚያ በብር ልክ ይጠይቃል፣ «የሃምሳ ብር ዘይት» ይላል፣ ባለሱቁ በትንሽ ኩባያ ይቀዳለታል። ስኳር በኪሎ የነበረው ሩብ ይሆናል። የልብስ ሳሙና ዱቄቱ በትንሿ ከረጢት። በጥቂት በጥቂቱ የሚገዛ ሰው ለአንዱ ሊትር የሚከፍለው ይበልጣል፣ ስለዚህ ድሃው ይበልጥ እየከፈለ ያነሰ ይበላል። የዋጋ ግሽበት መረጃ የሚሰበስቡት ሰዎች የሚጠይቁት የሊትሩን ዋጋ ነው፤ ሰው ከሊትር ወደ ኩባያ መውረዱን ግን ያ ቁጥር አያሳይም። ባለሱቁ ያያል። ከጀሪካን ወደ ኩባያ የተደረገውን ጉዞ የቆጠረ ሰው ከተማዋን አውቋታል ማለት ይቻላል።

ከዚያ የዱቤ ደብተር አለ። ጫፉ የተቀረደደ፣ ዘይት የነካው ደብተር። በደህና ጊዜ ሰው ደሞዝ ሲቀበል ይዘጋል፣ ወር ሲጋመስ ይከፍታል። ክፉ ጊዜ ሲመጣ ደሞዝ ደርሶም ግማሹ ይከፈላል፣ ግማሹ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል። በኋላ ሰው በሌላ መንገድ መሄድ ይጀምራል፣ ባለሱቁን ላለማየት። አንዲት ሳቢያን ሱቅ ያላት እናት «ልጄ፣ ያስቀየመኝ ብሩ አይደለም፣ ሰላምታው ነው የቀረብኝ» ያለችኝን ልረሳው አልቻልኩም። ዱቤ እዚህ የሰፈር ዝምድና ነው፤ ሲበላሽ የሚበላሸው ንግዱ ብቻ አይደለም።

እሺ፣ ይሄን ሁሉ በምን እንቁጠረው? እዚህ ላይ ድሬ የራሷ ጠባይ አላት፣ ከሌላ ቦታ የተቀዳ ዘዴ አይሠራም።

የወቅቱ ነገር አንዱ ነው። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሲደርስ ከየአገሩ የሚመጣው ሰው እኛ ጋ ያድራል፣ ሆቴሉ ይሞላል፣ ገበያው ይደራል፤ ሐምሌ 19ም እንዲሁ። ስለዚህ ታኅሣሥን ከኅዳር ጋር ማወዳደር አይሆንም፣ ታኅሣሥን ከአምና ታኅሣሥ ጋር ነው። እስከዚህ ቀላል ነው። ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ወሩን ይለውጣል። የረመዳን ቴምርና ዱቄት፣ የዒድ ሽርጥና ድሪያ፣ የአሸዋና የታይዋን ገበያዎች ግርግር አምና በአንድ ወር የነበረው ዘንድሮ ግማሹ ሌላ ወር ላይ ይወድቃል። ፋሲካም ቦታ ይቀይራል። ድሬ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የጎረቤቱን በዓል አብሮ ስለሚያከብር፣ አንዱ በዓል የሁሉንም ሱቅ ነው የሚያንቀሳቅሰው። መጋቢትን ከአምና መጋቢት ያወዳደረ ሰው የዒድን መዘዋወር እድገት ወይም ውድቀት ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እንግዲህ በዓሉን ከበዓሉ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ከዒድ በፊት ያሉትን ሳምንታት አምና ከዒድ በፊት ከነበሩት ጋር።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ነጋዴን «ስንት ሸጥክ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የነበረውን የቀን ገቢ ግምት ማን ይረሳዋል? ሰዎች መጥተው ሱቁን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ቀንህ ይሄን ያህል ያስገባል ብለው ጽፈው ሄዱ፣ ብዙ ቦታ ሱቅ እስከ መዝጋት ተደረሰ። ከዚያ በኋላ የሽያጭ ጥያቄ ሁሉ የግብር ጥያቄ ይመስላል። አይፈረድበትም። ብዙው ትንሽ ሱቅ ቁርጥ ግብር ከፋይ ስለሆነ መዝገብም አይዝም። በካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ የሚቆርጠውን ብቻ ብንቆጥር ደግሞ ትልልቆቹን ብቻ እንይዛለን፣ ጉሊቷን፣ ከፊራ ገበያ መሬት ላይ ቲማቲም የምትሸጠውን፣ ከድንበር በኩል በሸክም የገባውን ጨርቅ እንረሳለን።

አሁን አሁን «ቴሌብር አለ፣ የባንክ ዝውውር አለ፣ ከዚያ እንቁጠር» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እየሰፋ የመጣ ነው። በስልክ የሚከፈለው ሲጨምር ሰው ብዙ ገዛ ማለት ነው ወይስ ጥሬ ብር መያዝ ተወ? ለብዙ ዓመታት መለየት አይቻልም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ብሩን መተው ነው። ዕቃውን እንቁጠር። ከየሰፈሩ ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ሱቆች፤ ከሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከመጋላ፣ ከአዲስ ከተማ፣ ከለገሃር። ዕቃውም ጥቂት ይሁን። ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ የልብስ ሳሙና፣ በመስከረም ደግሞ የተማሪ ደብተር። በሳምንት ስንት ጀሪካን፣ ስንት ሊትር፣ ስንት ኩባያ። የሱቁ ስም አይጻፍ፣ የብሩ መጠን አይጻፍ። ነጋዴው ከዚህ ወረቀት ተነስቶ ግብር ሊጫንበት እንደማይችል በዓይኑ እንዲያይ። የሚሰበስበውም ከገቢዎች ጋር የማይገናኝ ቢሆን፤ ዩኒቨርሲቲያችን ኢኮኖሚክስ የሚያስተምራቸው ልጆች አሉት፣ ሌላ አገር የተቀዳ መረጃ ይዘው ከሚመረቁ በከፊራ ገበያ ውስጥ ቢቆጥሩ ለእነሱም ይጠቅማል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ዒድ፣ ሁለት ፋሲካ፣ ሁለት ቁልቢ እንይዛለን። ያኔ «ገበያ ሞቷል» የሚለው ሰው ምን ያህል እንደሞተ ማሳየት ይችላል። አስተዳደሩም ድጋፍ የሚያስፈልገው የትኛው ሰፈር እንደሆነ በግምት አይወስንም።

ለአንዳንድ ደንበኞቼ ይሄን አንስቼላቸው ነበር። ዘይቱንና ሳሙናውን ለመቁጠር ማንም አልከበደውም፣ ዱሮም በዓይናቸው ይቆጥሩታል። የተከራከርነው በዱቤው ላይ ነው። አንዷ «ያልተከፈለ ዕቃ ሽያጭ አይባልም፣ ሲከፍል ጻፈው» አለችኝ። ሌላው «ዕቃው ወጥቷል፣ ቤቱ ተበልቷል፣ የወጣ ቀን ይጻፍ» አለ። እኔ በወጣበት ቀን ይጻፍ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ለማወቅ የምንፈልገው ሰው ምን በላ የሚለውን ነው። ግን የእሷም ነጥብ እውነት አለው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓምድ ይኑር ብለን ተስማምተናል። አንዱ በዱቤ የወጣው፣ ሌላው በሳምንቱ ከዱቤ የተመለሰው። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ሳምንት በሳምንት እየሰፋ ከሄደ፣ የኮድ 2 ታርጋ ምንም ይበል፣ እኔ የማምነው እሱን ነው።